የውጭ አገር ሥራና የቪዛ ምርጫ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች እስከ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ፣ ውጭ አገር ሄዶ መሥራት ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ በቁም ነገር የሚመክሩበት ጉዳይ ነው። ምክክሩ አብዛኛውን ጊዜ «ዱባይ ይሻላል ሳዑዲ?» ከሚል ጥያቄ ይነሣል። ሠራተኛዋ ስትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ ደመወዟ ሲቀር የት እንደምትከስ የሚወስነው ግን በየትኛው ቪዛ እንደገባች ነው። መጠየቅ ያለበትም አስቀድሞ እሱ ነው።

ወደ ዓረብ አገራት የሚወስደው ሕጋዊ መንገድ በተለምዶ «ኮንትራት» ይባላል። መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲሆን በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። ሠራተኛዋ 18 ዓመት የሞላት፣ የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ያላት መሆን ይኖርባታል፤ ውሉም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይጸድቃል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ስለዚህ «የቪዛ ክፈይ» የሚል ደላላ ከመጀመሪያው ቃሉ ይታወቃል። የሚያሳዝነው ደላላው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ መሆኑ ነው፤ ሰው እሱን አምኖ እቁቡን ያስረክባል፣ ከብት ያሸጣል።

የኮንትራት ቪዛም ቢሆን ከእንከን የጸዳ አይደለም። ከፋላ በሚባለው የስፖንሰርነት ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖር መብት በአንድ አሠሪ ላይ ይንጠለጠላል። በሳዑዲ ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ሠራተኛ «ጠፍታለች» ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች፤ ይህም «ሁሩብ» ይባላል፣ ኢቃማዋንም (የመኖሪያ ፈቃዷን) ዋጋ ያሳጣዋል። ሆኖም በኮንትራት የሄደች ሠራተኛ የተመዘገበ ውል፣ በኃላፊነት የሚጠየቅ ላኪ ኤጀንሲና መድን አላት። ይህ ልዩነት የሚታየው ችግር ሲመጣ ነው።

«ፍሪ ቪዛ» የሚባለው በሕግ የሌለ ነገር ነው። አንድ ስፖንሰር ገንዘብ ተቀብሎ በስሙ ቪዛ ያወጣል፤ ሠራተኛው ግን ሌላ ቦታ ይቀጠራል። ወረቀቱ እውነተኛ ይመስላል፣ ሥራው ግን ሕገ ወጥ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ቪዚት ቪዛ (የጉብኝት ቪዛ) ነው። ለዱባይ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የ30 ወይም የ60 ቀን ሲሆን፣ በእሱ መሥራት ክልክል ነው። ቀኑ ካለፈ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው የኤምሬትስ ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚቀጥር አሠሪን ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም ያስቀጣል፤ ስለዚህ ደኅና አሠሪ ቪዚት ይዞ የመጣን ሰው ይሸሻል፣ እሱን የሚቀበለው አሠሪ ደመወዝ ለመብላት የተዘጋጀው ነው። «እዚያ ሆነሽ ትቀይሪዋለሽ» የሚለው ተስፋ ይህን አይጨምርም።

ሕጋዊውን በር መዝጋትም መፍትሔ አልሆነም። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ባባረረችበት በ2006 መንግሥት ጉዞውን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ነው። በመሐሉ ፍልሰቱ አልቆመም፤ በየመን በኩል ያለው የባሕርና የበረሃ መንገድ ሰው መብላቱን ቀጠለ።

ሙያ ላለው ሰው ሌላ በር አለ። አዋጁ ከቤት ሠራተኝነት ውጪ ያለ ሥራ በራሱ ጥረት ያገኘ ሰው በሚኒስቴሩ ፈቃድ በቀጥታ እንዲቀጠር ይፈቅዳል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ለባለሙያዎች «የዕድል ካርድ» ትሰጣለች፤ ለአንድ ዓመት ሥራ እየፈለጉ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ያስችላል፤ መተዳደሪያ ገንዘብና የቋንቋ ማስረጃ ግን ይጠይቃል። ለነርስ ደግሞ ዋናው ዲግሪዋ በጀርመን እውቅና ማግኘቱና ጀርመንኛዋ ነው። እንግሊዝ ከውጭ የሚመጡ አዲስ የአረጋውያን ተንከባካቢዎችን መቀበል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አቁማለች፤ ዛሬም በዚያ ቪዛ ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ካለ የሚሸጠው የተዘጋ በር ነው።

ቪዛው እጅ ሲገባ በላዩ የተጻፈውን ዓይነት፣ የአሠሪውን ስምና የሚያበቃበትን ቀን ከውሉ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ዓረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የማታነብ ልጅ የሚያነብላትን ሰው ከደላላው ሌላ ትፈልግ። የውሉን ቅጂ ቤተሰብ ዘንድ መተውም ግድ ነው፤ ስልኳ ሲዘጋ ቤተሰቧ ሚኒስቴሩና ኤጀንሲው በር ላይ የሚቆመው ያን ወረቀት ይዞ ነውና።