ዘበኛው አልደከመም፤ ቤተኛውን ነው የሚደበድበው

ሐሙስ ጅማ ሂርማታ ገበያ ከጎረቤታችን ጋር ተገናኘን። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ አብጦ፣ የማር ጣሳቸውን በሁለት መዳፍ አቅፈው ነው የያዙት። «ሐኪሙ ሩማቶይድ ነው፣ ኦቶኢሚዩን ነው አለኝ። የመከላከል አቅሜ ደክሟል ማለት አይደል? ጥቁር አዝሙድ በማር ልጀምር ነው» አሉኝ።

አይ እትዬ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሰውነትዎ ዘበኛ፣ ማለትም የመከላከል አቅምዎ፣ አልደከመም። ቤተኛውን ሌባ ነው ብሎ መደብደብ ጀመረ እንጂ። በእርስዎ መገጣጠሚያውን፣ በዓይነት 1 ስኳር ደግሞ ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች። ታዲያ እንዲህ ያለውን ዘበኛ «በርታ» ይሉታል?

ሰውነታችን ውስጥ ዘበኛውን «ተው!» የሚሉ ሴሎችም አሉ። ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ለይተው አሳዩአቸው፤ በ2025 ከሁለት አሜሪካውያን ጋር የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ።

ዕፅዋት አይረቡም እያልኩ አይደለም። ሉፐስ ለሚባለው ሌላ የዚሁ ዓይነት በሽታ የሚታዘዘው ሃይድሮክሲክሎሮኪን እንኳ የዘር ሐረጉ ሲንኮና ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ከተገኘው ኩዊኒን ከሚባል የወባ መድኃኒት ይመዘዛል። ልዩነቱ መጠኑ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ተፈትኖ መምጣቱ ነው።

ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሜቶትሬክሴት የሚባለው የሩማቶይድ መድኃኒት አወሳሰድ ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። እንደ ሌላው ኪኒን በየቀኑ ከተዋጠ የአጥንት መቅኔን ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል።

እትዬ የመድኃኒታቸውን ካርቶን ከቦርሳቸው አወጡ። በእስክሪብቶ በትልቁ «ሐሙስ» ተብሎ ተጽፎበታል። «የገበያ ቀን አይረሳኝም ብዬ ነው» አሉ።