የወረቀት «ግራም» ምን ማለት ነው?

ቢዝነስ ካርድ ለማሳተም ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት «ስንት ግራም ይሁን?» ነው። ብዙ ሰው የካርዱ ክብደት ይመስለዋል። አይደለም። ግራም የሚባለው የዚያ ወረቀት አንድ ካሬ ሜትር ቢመዘን የሚኖረው ክብደት ነው። ኤ4 ወረቀት የካሬ ሜትር አንድ አስራ ስድስተኛ ስለሆነ፣ የተለመደው ባለ 80 ግራም የፎቶኮፒ ወረቀት አንዱ ቅጠል የሚመዝነው 5 ግራም ያህል ብቻ ነው።

ለደብዳቤ ወረቀት ከ90 እስከ 120፣ ለቢዝነስ ካርድ ከ300 እስከ 350 ግራም ጥሩ ነው።

ሰው ይበልጥ የሚሳሳተው ግራምን ከውፍረት ጋር ሲያምታታ ነው። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ገጹ ማለስለሻ ተቀብቶ በሮለር ተጨምቆ ስለሚለሰልስ ይሳሳል፤ ያልተቀባው ግን በውስጡ አየር ስለሚይዝ ወፈር ይላል። ሁለቱም 300 ግራም ሆነው አንዱ በጣት ሲዳሰስ ቀጠን የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቁጥር ብቻ ሰምታችሁ አትዘዙ፤ ናሙናውን ያዙት፣ ጠርዙን በአውራ ጣት ጎበጥ አድርጋችሁ እዩት። በእስክሪብቶም ሞክሩት፤ በሚያብለጨልጭ ላስቲክ የተለበጠ ካርድ ላይ ቀለሙ አይደርቅም፣ ሲነካም ይዝረከረካል። ከካርዱ ጀርባ ቀጠሮ መጻፍ ለሚወድ ሰው ቢያንስ ጀርባው ባይለበጥ ይሻላል እላለሁ።