ከፕሮጀክት በኋላ የሚዘልቅ የምክክር መረብ ምንድን ነው?

በአንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት መደርደሪያ ላይ የነበረ የቃለ ጉባኤ መዝገብ አገላብጫለሁ። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ገጾቹ በእጅ ቁጥር የተሰጣቸው ነው። አርሶ አደሮች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ ከምርምር ማዕከል የመጣ ባለሙያ፣ የዩኒየን (የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት) ተወካይ፣ የብድርና ቁጠባ ተቋም ሰው እና የግብዓት ነጋዴ በየሦስት ወሩ እየተሰበሰቡ የተነጋገሩት ሁሉ ሰፍሮበታል። የስንዴ ዋግ በየትኛው ቀበሌ ቀድሞ እንደታየ፣ ምርጥ ዘሩ ለምን ዘግይቶ እንደደረሰ፣ ማዳበሪያው መቼ መጋዘን እንደሚገባ ይነበባል። የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ «ቀጣዩ ስብሰባ በሚያዝያ ወር እንዲካሄድ ተወስኗል» ብሎ ይዘጋል። ሰባት ሰው ፈርሞበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው። መዝገቡን ያወጣልኝ ባለሙያ ምክንያቱን በሁለት ቃል ነገረኝ፦ «ፕሮጀክቱ አለቀ።»

የባለድርሻ አካላት የምክክር መረብ የሚባለው በአንድ ጉዳይ የየራሳቸው ድርሻ ያላቸው፣ አንዱ የሌላው አለቃ ያልሆኑ ወገኖች በቋሚነት እየተገናኙ ለሚወስነው አካል ምክር የሚያቀርቡበት አደረጃጀት ነው። አይወስንም፣ አይቀጣም፣ በጀት አያዝም። ዋጋው ተመራማሪው ብቻውን፣ ነጋዴው ብቻውን፣ ገበሬው ብቻውን የማያየውን አንድ ላይ ሲሆኑ ማየታቸው ነው። አንዱ ቦታ መድረክ፣ ሌላው ጋ ምክር ቤት ወይም ኔትወርክ ይባላል። ዘላቂነቱ ደግሞ የለጋሹ ገንዘብ ሲቋረጥ መገናኘቱና መምከሩ መቀጠሉ ነው። ስሙና ማኅተሙ መቆየታቸው አይበቃም፤ በወረቀት ላይ ያልፈረሰ፣ ግን ለዓመታት ስብሰባ ጠርቶ የማያውቅ መድረክ አለና።

ለዚህ ከአገራችን የግብርና ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1986 ምርምሩንና ኤክስቴንሽኑን (ለአርሶ አደሩ የግብርና ምክርና ትምህርት የሚያደርሰውን ሥራ) የሚያገናኝ ኮሚቴ ተቋቋመ። በ1999 አርሶ አደሩ ታክሎበት የምርምር፣ የኤክስቴንሽንና የአርሶ አደር ትስስር አማካሪ ምክር ቤት ሆነ። በ2008 ደግሞ የግብርና ልማት አጋሮች ትስስር አማካሪ ምክር ቤት ተብሎ ከፌዴራል እስከ ወረዳ ተዘረጋ። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የዘር አቅራቢዎች፣ አበዳሪዎችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችም ገቡበት። በየጊዜው ክቡ መስፋቱ ትክክል ነበር፤ ዘር የሚያቀርበው ሰው በሌለበት ስለ ዘር መምከር ትርጉም የለውምና። ይሁን እንጂ የኋለኞቹ ሁለቱ በዓለም ባንክ ድጋፍ ከተካሄዱ ፕሮጀክቶች ጋር ተያይዘው ነው ጉልበት ያገኙት። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የገጠር አቅም ግንባታ ፕሮጀክት ሲዘጋ በብዙ ቦታ ስብሰባው እየሳሳ ሄደ። ገበሬና ተመራማሪ መነጋገር የለባቸውም ያለ ማንም አልነበረም። የጎደለው የሚጠራቸው ሰው ነው።

የፕሮጀክት ገንዘብ ለእንዲህ ያለ መረብ የሚገዛለትን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አዳራሽና ሻይ ይገዛል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ነዳጅና ውሎ አበል ይከፍላል። ከሁሉ በላይ ግን የአንድን ሰው ጊዜ ይገዛል። ይህ ሰው ከስብሰባው ሦስት ሳምንት በፊት የጥሪ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ያስፈርማል፣ ማኅተም ያስመታል፣ በየቢሮው ያደርሳል። ከዚያ ስልክ ይደውላል፦ «ደብዳቤው ደርሶዎታል?» የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ያን ቀን መስክ እንደሚወጣ ሲሰማ ቀኑን ያሸጋሽጋል። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አውጥቶ ማን ምን ቃል እንደገባ ያሰምርበታል፤ ቃል የገባውንም ሰው ከስብሰባው በፊት ለብቻው ያስታውሰዋል፣ በሰው ፊት እንዳያፍር። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ምክሩን በአንድ ገጽ አሳጥሮ ለሚወስነው ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይህ ሥራ «ፎካል ፐርሰን» (የጉዳዩ ተጠሪ) ለተባለ የመንግሥት ሠራተኛ ይሰጣል። እሱ ደግሞ መደበኛ ሥራው አለው፤ የተጨመረበት ነገር በሥራ ዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም፣ በዓመቱ መጨረሻም አይመዘንበትም። ከሁለት ስብሰባ በኋላ ቢተወው እሱን መውቀስ አይገባም።

ስለ አበሉም በግልጽ መናገር ይሻላል። ከሩቅ ቀበሌ በአውቶቡስ የሚመጣ ገበሬ የትራንስፖርቱንና የምሳውን ማግኘት መብቱ ነው፤ የእርሻ ቀኑን ትቶ ነው የመጣው። ከጎን ካለው ቢሮ በእግሩ ተሻግሮ ለመጣ ሠራተኛ የሚከፈለው ግን ሌላ ነገር ነው። መረቡን የሚጎዳው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም መገኘቱን ሥራ ከመሆን አውጥቶ ገቢ ያደርገዋል። ክፍያው ሲቆም ኃላፊው ምክትሉን ይልካል፣ ምክትሉ አዲስ ተቀጣሪውን ይልካል፣ አዲሱም «ለበላይ አሳውቃለሁ» ከማለት በቀር የሚናገረው አይኖረውም። የሚወስን ሰው የሌለበትን ጉባኤ ያየ ገበሬ በሚቀጥለው አይመጣም። ከመጀመሪያው ቀን ለርቀት ብቻ የሚከፍል፣ ለመቀመጥ የማይከፍል ደንብ የነበረው መረብ ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፈዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዕድርን ያነሳል። ትክክል ነው፤ ዕድር ያለ ምንም ለጋሽ ከትውልድ ትውልድ ተሻግሯል። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ አለው። የስብሰባው ቀን የታወቀ ነው፤ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከተባለ የመጀመሪያ እሑድ ነው፣ ደብዳቤ አይጠበቅም። የቀረ ይቀጣል። ከዚህ የምንወስደው ትልቁ ነገር ቋሚው ቀን ይመስለኛል፤ ቀኑ ሁሌም አንድ ከሆነ የጠሪው ሥራ በግማሽ ይቀላል። ሆኖም «አባላት እያዋጡ ራሳቸውን ይቻሉ» የሚለውን ሐሳብ አልቀበለውም። የዕድር አባል የሚያዋጣው ነገ በእሱ ደጅ ድንኳን እንደሚተከል አውቆ ነው፤ ጥቅሙ ተመልሶ ወደ ራሱ ቤት ይገባል። የምክክር መረቡ ምክር ዘሩን በጊዜ ቢያስመጣ ግን የሚጠቀመው አዳራሹን ረግጦ የማያውቀውም ገበሬ ነው። ለሁሉም የሚተርፍን ነገር ጥቂቶች ከኪሳቸው ይሸከሙት ማለት ፍትሕም የለበትም፣ አይዘልቅምም። ሻዩንና ወረቀቱን አባላት ይቻሉት። የጸሐፊው ጊዜና የገበሬው ትራንስፖርት ግን ከመደበኛ በጀት መውጣት አለበት።

መደበኛ በጀት ሲባል ቀን መቁጠሪያው ወሳኝ ነው። የአገራችን በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚረቀቀው ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ፕሮጀክት ግን ስብሰባ የሚያደርገው የራሱ ሪፖርት በሚደርስበት ወር ነው፤ ስለዚህ መረቡ ድንቅ ምክር ይዞ ሲመጣ ዕቅዱ ተፈርሞ አልቋል። ከዚህ በላይ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አላየሁም። ቢያንስ አንዱ የዓመቱ ስብሰባ ረቂቅ ዕቅዱ ገና በእርሳስ እያለ መደረግ አለበት፣ ረቂቁንም ይዞ የሚመጣው የዕቅድ ባለሙያው ራሱ ቢሆን መልካም ነው። ያኔ ጽሕፈት ቤቱ መረቡን ለሥራው ይፈልገዋል። የሚፈለግ ነገር ትንሽ የበጀት መስመር አያጣም።

ሰውን ያለ አበል የሚያመጣው ምን እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ፣ መልስ ማግኘት እላለሁ። ምክር የተቀበለው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ በመተዳደሪያ ደንቡ ይካተት፦ ይህን ተቀብለናል፣ ይህን አልተቀበልንም፣ ምክንያቱም ይህ ነው። «አልተቀበልንም» የሚለው መልስ እንኳ ያከብራል። አንድ አረጋዊ ገበሬ ያነሡት የመጋዘን ጉዳይ ውድቅ መሆኑ ከነምክንያቱ ሲነበብ ሰምቻለሁ። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው «እንግዲህ አንብበውታል ማለት ነው» አሉ፣ በሚቀጥለውም ስብሰባ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበሩ።

መረቡ ራሱን ችሎ ሕጋዊ ሰውነት ያግኝ ወይ የሚል ክርክርም ይነሣል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ኅብረት እንዲፈጥሩና ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩ በሩን ከፍቷል፤ መንገዱ አለ። እኔ ግን አቻኩሎ መመዝገብን አልመክርም። የተመዘገበ መረብ ቢሮ ይከራያል፣ ሒሳብ ያስመረምራል፣ ብዙም ሳይቆይ ፈንድ ፍለጋ ይወጣል። ያኔ በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት ድርጅቶች ጋር ለአንድ ገንዘብ የሚሻማ ተፎካካሪ ይሆናል። ነባር ተቋም ጉያ ውስጥ ማረፍ፣ ለምሳሌ በምርምር ማዕከል ወይም በዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ ይሻላል። ሰብሳቢነቱ በዙር ይሁን፣ ጽሕፈት ቤቱ ግን አንድ ቦታ ይቀመጥ፤ መዝገብ በየዓመቱ ቤት ሲቀይር ይጠፋልና።

ፕሮጀክቱ መረቡን የሚያስረክብበት ርክክብ መቼ ይጀመር ለሚለው፣ የቅርብ ጊዜው ልምድ መልሶታል። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ የልማት እርዳታውን ለ90 ቀናት አገደ፣ ሰኔ 24 ቀን ደግሞ የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ሥራውን በይፋ አቆመ። የመውጫ ዕቅዱን ለመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት አስቀምጦ የነበረ ብዙ ፕሮጀክት እነዚያን ስድስት ወራት አላገኛቸውም። ስለዚህ ርክክብ የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ነው። የተመከረበት ጉዳይ በእርግጥ ካለቀ መረቡም መዝገቡን አስረክቦ በክብር ቢዘጋ ነውር የለበትም። ካላለቀ ግን አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል፦ ፕሮጀክቱ ገንዘብ እያለው፣ ገንዘቡን የማይነካ ስብሰባ ማካሄድ። ጥሪውን የወረዳው ጸሐፊ ይጻፍ፣ መኪናው አይላክ፣ የአበል ፎርም አይዙር፣ የፕሮጀክቱ ሠራተኞች ከኋላ ወንበር ይቀመጡና አይናገሩ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ የትኛው ቀበሌ በትራንስፖርት ምክንያት እንደጎደለ ይመዝግቡ። ያን ዝርዝር ይዘው ለመጠገን ገና ጊዜ ይቀራቸዋል።