ጅምላ ፍረጃ ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ወሬው የልጇ ጋብቻ ነው። ልጁ አንዲት ልጅ ወዷል፤ ሽማግሌ ይላክ አይላክ እየተባለ ነው። የልጅቷ ዘር ተቆጠረ፣ የአባቷ ጠባይ ተነሳ፣ የእናቷ ሙያ ተመሰገነ። ሁሉም ደህና እየሄደ ሳለ አንዲት ጎረቤት ስኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ "እሷ ግን አረብ አገር የነበረች ናት" አለች።

አለቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዷ "ወላሂ?" አለች፣ ሌላዋ "በማርያም!" አለች፣ ከዚያ ሁሉም ነገሩ የገባው መስሎ ወደ ስኒው ዞረ። እዚያ ምን ትሠራ እንደነበር የጠየቀ የለም። ስንት ዓመት ቆየች፣ በጤና ገባች ወይ፣ ደሞዟን ከፍለዋታል ወይ፣ ይሄም አልተጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፣ አልዋሽም።

ጅምላ ፍረጃ የምንለው ይሄን ነው። አንድን ሰው በራሱ ሥራና ጠባይ ሳይሆን ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደለበሰ፣ የማን ወገን እንደሆነ ብቻ አይቶ ፍርዱን መጨረስ።

ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። "ጅምላ" የገበያ ቃል ነው። ፒያሳ አንዱ ጅምላ ነጋዴ ዘንድ ሄደህ ብስኩት ብትገዛ ካርቶኑን ከፍተህ አንድ በአንድ አታይም። ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብበህ ታስጭናለህ። ለብስኩት ችግር የለውም። "ፍረጃ" ደግሞ "ፈረጀ" ከሚለው ይመጣል፤ ለይቶ መደበ ማለት ነው። ከዚሁ ቤት የወጣ ሌላ ቃል አለን፣ "ፈርጀ ብዙ"። ብዙ መልክ ያለው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ፈርጀ ብዙ ነው፤ ፍረጃ ግን ከዚያ ሁሉ አንዷን ፈርጅ ይመዝዝና ሌላውን ይከድናል። በደርግ ጊዜ የነበሩ ሰዎች ቃሉን በሌላ ጣዕም ያውቁታል። "አድኃሪ ተብሎ ተፈረጀ" ከተባለ ሰውየው ምን አደረገ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ብዙ ሰው ፍረጃን ከጥላቻ ጋር አንድ ያደርገዋል። አይደለም። የአክስቴ ጎረቤት ልጅቷን አትጠላትም፣ አይታትም አታውቅ። እንዲያውም ፍረጃ በፍቅር መልክ ሲመጣ ነው የማይታወቀው። "የወሎ ቆንጆ" የሚለውን ውሰዱት። ሙገሳ ነው አይደል? አዲስ አበባ ሥራ የገባች የደሴ ልጅ ጠይቁ። "ከየት ነሽ?" ስትባል "ከወሎ" ካለች፣ ሰውየው ፈገግ ይልና "አይ ወሎዎች!" ይላታል። ከዚያ በኋላ የምትናገረውን መስማት ትቶ ዓይኗን ያያል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወሎዬ ሴት ሁሉ ሳቂታ ናት፣ እሺ ባይ ናት፣ ወደሚለው ይሻገራል። እሷ ለካ የሒሳብ ሠራተኛ ሆና የመጣችው ሒሳብ ልትሠራ ነበር።

የፍረጃ ዋና ተንኮሉ ግን ሌላ ነው። በማስረጃ አይሸነፍም። አፋሮች እንዲህ ናቸው የሚል ሰው ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ከአንድ አፋር ግመል ይገዛል፣ በቃሉ የሚገኝ ሰው ሆኖ ያገኘዋል፣ ተመልሶ ምን ይላል? "ይሄኛው ለየት ያለ ነው።" በቃ። ፍረጃው ሳይነካ ቁጭ አለ። መጥፎ ሲያጋጥመው "አላልኩም?" ይላል፣ ደግ ሲያጋጥመው "ለየት ያለ" ይላል። በሁለቱም እሱ ልክ ነው። "አንተ እኮ እንደነሱ አይደለህም" ተብሎ የተመሰገነ ሰው ካላችሁ፣ ስድቡን ከምስጋናው መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

ወሎ ላይ ይሄን ስናወራ የሚመጣ መልስ አለ። "እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ወሎ ፍቅር ነው።" ግማሹ እውነት ነው። አንድ ቤት ውስጥ አሊም ተስፋዬም አለ፣ ለሠርግ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፣ ማንም ቅር አይለውም። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ገበያ ላይ ተጋፍቶ ይውላል። ግን "ወሎ ፍቅር ነው" ራሱ ጅምላ ነው! አባጋሮች የሚባሉት አስታራቂዎቻችን ሃይማኖት ሳይለዩ ደም የሚያደርቁት እኮ የሚደርቅ ደም ስላለ ነው። ቡና ላይ ያየሁትም ወሎ ውስጥ የሆነ ነው።

ደግሞ ተፈራጅነቱን እኛም ቀምሰነዋል። በ1966ቱ ረሃብ ስማችን ከረሃብ ጋር ተጣብቆ ቀረ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከል አሰፈረ። የወሎ ገበሬ እዚያ "ሰፋሪ"፣ "መጤ" ሆነ። ልጆቹ እዚያ ተወለዱ፣ ኦሮምኛውን አፋቸውን ፈቱበት፣ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም። በቅርብ ዓመታት ከወለጋ ተፈናቅለው ሐይቅ አካባቢ መጠለያ ውስጥ ከገቡት መካከል የነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ። እዚያ መጤ፣ እዚህ ተፈናቃይ። አንድ ሰው በሁለት አገር እንግዳ የሚሆነው እንዲህ ነው። እና ሐይቅ ገበያ ላይ ዕቃ ሲጠፋ "ከመጠለያው ነው" የሚል አጥታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ሴቶቹ። ፍረጃ ሴት ላይ ሲያርፍ ሁለት እጥፍ የሚከብድበት ምክንያት አለ ብዬ አምናለሁ። ወንዱ ሲሳሳት ስህተቱ የሱ ነው። ሴቷ ስትሳሳት የቤተሰቡ፣ የሃይማኖቱ፣ የብሔሩ ስም ይጠራል። የማኅበረሰቡን ባንዲራ አለባበሷ ላይ ሰቅለንባታል። ሻሽ ብታስር አንዱ ይፈርጃታል፣ ብትፈታው ሌላው ይፈርጃታል። ተረታችንም አግዟል፣ "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" ብሎ የግማሹን ሕዝብ አእምሮ በአንድ መስመር የሚዘጋ ተረት አለን።

የስደቱንም ነገር እዩት። ከወሎ በጅቡቲ በኩል ኦቦክ ወርዶ፣ ባሕር አቋርጦ፣ በየመን በእግሩ ሳውዲ የገባ ወንድ ሲመለስ ጀግና ነው። ለእናቱ ቆርቆሮ ቤት የሠራች እህቱ ግን ስትመለስ የሚጠየቀው ስለ ቤቱ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ከተመለሱት መካከል ብዙ ሴቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት መንግሥት ለቤት ሠራተኝነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን አግዶ እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ዓላማው እነሱን መጠበቅ ነበር። በሩ ሲዘጋ ግን መሄዱ አልቆመም፣ በደላላ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ፍረጃንና ትችትን የምናምታታው እዚህ ነው። "አረቦች ጨካኞች ናቸው" ፍረጃ ነው። "ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋን መኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር ስለሚያስር፣ ብትበደልም በቀላሉ ለቅቃ መውጣት አትችልም" ግን ትችት ነው። ሳውዲ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥርዓቱን ስታላላ የቤት ሠራተኞችን ከማሻሻያው ውጭ ተወቻቸው፤ ይሄም ትችት ነው፣ ስም ያለው ሕግ፣ ቀን ያለው ውሳኔ ላይ ነው የሚያርፈው። የማውቃት አንዲት የኩታበር ልጅ ማዳሟ እስካሁን በዒድ ትደውልላታለች። ሌላዋ ፓስፖርቷን ተነጥቃ ሁለት ዓመት ያለ ደሞዝ ሠርታለች። ሁለቱም እውነት ነው። ትችቱ ሁለቱንም ይችላቸዋል፤ ፍረጃው ግን አንዷን ውሸታም ማድረግ አለበት።

ስደተኛ ተቀባይ የሆኑት የአውሮፓ አገሮችም በዚሁ ይታመሳሉ። እ.ኤ.አ. 2015 ሊያልቅ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት፣ ጀርመን ኮሎኝ ከተማ ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ብዙ ሴቶች በወንዶች ተከበው ጥቃት ደረሰባቸው፤ ተዘረፉም። ከአንድ ሺህ በላይ አቤቱታ ቀረበ። ከተጠርጣሪዎቹ ብዙዎቹ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ነበሩ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎችም ነበሩባቸው። ፖሊስ በማግሥቱ ጠዋት ሌሊቱ በሰላም አለፈ ብሎ ነበር! ከዚያ ክርክሩ ለሁለት ተሰነጠቀ። አንደኛው ወገን "ስደተኛ ማለት ይሄ ነው" አለ። በሴት መብት ተናግሮ የማያውቅ ሰው ሁሉ ድንገት ተቆርቋሪ ሆነ። ሌላው ወገን ደግሞ ስደተኛ እንዳይፈረጅ ብሎ ነገሩን ለስለስ አደረገው። የተጎዱት ሴቶች በሁለቱ መካከል ጠፉ። የሚደንቀው፣ በቀጣዩ ክረምት የጀርመን ፓርላማ የወሲብ ጥቃት ሕጉን "አይሆንም ካለች አይሆንም" በሚል መርህ አጠበቀው። ስደተኛ ሳይመጣም የነበረ የሕግ ቀዳዳ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱም ስህተት እኛ ጋ አለ፣ አለባበሱ ብቻ ይለያል። አንዱ "እነሱ ሴት ይጨቁናሉ" እያለ የጎረቤቱን ሃይማኖት ያማል፣ የራሱን ልጅ በ15 ዓመቷ ሊድር ሽማግሌ ቀጥሯል። ሌላው ግርዛት ሲነሳ "ባህላችንን አትስደቡ" ይላል። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። ይሄ ቁጥር የሙስሊም ወይም የክርስቲያን ተብሎ የሚከፈል አይደለም፣ የሁለቱም ቤት ጉዳይ ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን የሚፈርጅበት አፍ የለውም፣ ማንም ደግሞ "እንዳንፈረጅ" ብሎ የሚደብቀው አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ሴትን የሚጨቁን፣ አካሏንም አእምሮዋንም የሚጎዳ ልማድ ክልክል ነው ይላል። ከሱ በፊት ያለው አንቀጽ 34 ደግሞ የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ። ክብደቱ ያለው "ከፈቀዱ" የምትለዋ ላይ ነው። እሷን ጠይቋት ማለት ነው።

መጠየቅ ከተነሳ፣ ከኛው ታሪክ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም መጡ። ቁረይሾች ሁለት መልእክተኛ ስጦታ አስይዘው ላኩ፣ "እነዚህ ሃይማኖታቸውን የከዱ ሞኞች ናቸው፣ መልሱልን" ብለው። ጅምላ ፍረጃ ከነጉቦው። ነጃሺ ግን ሰዎቹን ሳልሰማ አልሰጥም አለ፣ አስጠርቶ አናገራቸው፣ ከሰማቸው በኋላ አስቀራቸው። ከስደተኞቹ መካከል ኋላ የነቢዩ ሚስት የሆነችው ኡሙ ሰላማ ነበረች፤ ይሄን ታሪክ በዝርዝር ያስተላለፈችው እሷ ናት። አንዲት ስደተኛ ሴት በራሷ አንደበት! ወሎ ውስጥ ይሄን ታሪክ ያልሰማ ልጅ የለም፣ እኔም የሰማሁት ከዚያችው አክስቴ ነው።

እና ያን ቀን በረካው ሲቀዳ አክስቴን ይሄንኑ አስታወስኳት። ዝም አለች። ቆይታ ወደ ጎረቤቷ ዞራ "ለመሆኑ ልጅቱ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?" አለቻት። ጎረቤትየዋ አታውቅም። የጓዳውን በር ተደግፎ ሲሰማ የቆየው ልጅ ነው የመለሰው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት ታስታምም ነበር፣ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣለች፣ እስኪሞቱ ድረስ እሷ ናት የነበረችው።

አክስቴ እግሯን ዘርግታ ጉልበቷን ያዝ አደረገች። "ማሸትም ትችላለች?" አለች።