«ማቆየትና ማብራራት» ሐውልት ማንሳትን ይከለክላል?

በእንግሊዝ የቅኝ ገዢዎች ሐውልት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር «ማቆየትና ማብራራት» የሚለው የመንግሥት አቋም ይጠቀሳል። ብዙዎች ማንሳትን ፈጽሞ የሚከለክል ሕግ ይመስላቸዋል። አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ይፋ ሆኖ በ2023 ዝርዝር የወጣለት ይህ መመሪያ ለባለቤቶች የተሰጠ ምክር ነው፤ ሐውልቱን በቦታው አቆዩት፣ ታሪኩንም ሳትሸፋፍኑ ንገሩ ይላል። ጠንካራው ማነቆ ሌላ ነው፦ በቅርስነት የተመዘገበ ሐውልት ወይም ሕንፃ ያለ ፈቃድ አይነካም።

በኦክስፎርድ የኦሪየል ኮሌጅ ሕንፃ ላይ የቆመውን የብሪታኒያዊውን ቅኝ ገዢ የሴሲል ሮድስን ሐውልት እንመልከት። የኮሌጁ አስተዳደር በ2020 እንዲነሳ ፍላጎቱን ገለጸ፤ በ2021 ግን ወጪውንና የፈቃዱን ውጣ ውረድ አይቶ ተወው። በምትኩ ሮድስ ሀብቱን ያካበተው የደቡባዊ አፍሪካን ማዕድን፣ መሬትና ሕዝብ በመበዝበዝ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ተሰቀለ። ቃሉ እውነት ነው፤ ግን ትንሽ ሰሌዳ ናት። ሮድስ ከጎዳናው በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፣ እሷን ለማንበብ ግን ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ይህ ማቆየቱን እንጂ ማብራራቱን አሟልቷል ለማለት እቸገራለሁ።

መመሪያው ስኮትላንድንና ዌልስን አይመለከትም።