ለካንሰር ምርምር ማራቶን መሮጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ማራቶን ለመሮጥ የወሰነ ሰው ገና ልምምዱን ሳይጀምር ከወዳጆቹም ከራሱም ብዙ ጥርጣሬ ይሰማል። አንዳንዱ ጥርጣሬ ተገቢ ነው፤ አብዛኛው ግን ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ ካለማወቅ የሚመጣ በመሆኑ ተገቢውን መልስ ማግኘት አለበት።

«ማራቶን የሯጮች እንጂ የእኔ ቢጤ ሰው ነገር አይደለም።»

ገንዘቡን የሚያመጣው የሯጩ ሰዓት አይደለም። ሰዎች የሚለግሱት የሚያውቁት ሰው ከባድ ነገር ለመፈጸም ቃል ስለገባና በቀጥታ ስለጠየቃቸው ነው፤ በስድስት ሰዓት የጨረሰ ሰው የሰበሰበው ገንዘብ በሦስት ሰዓት ከጨረሰው ገንዘብ አያንስም። ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን መሮጥ የለመደ ጤነኛ ሰው ከ16 እስከ 20 ሳምንት በሚዘልቅ ልምምድ 42.195 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ሊዘጋጅ ይችላል። በልምምድ ጊዜ ሙሉውን ርቀት መሮጥም ግድ አይደለም፤ ብዙዎቹ የጀማሪዎች መርሐ ግብሮች ረጅሙን ሩጫ 32 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይገድቡታል። በየመሐሉ መራመድ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ይሁን እንጂ ውድድሩ የሚዘጋበትን ሰዓት ከመመዝገብ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል።

«የምሰጠው ገንዘብ የሯጩን ሽርሽር ለመሸፈን ይውላል።»

ይህ ጥያቄ ቅሬታ ሳይሆን ግልጽ መልስ ይገባዋል። እንደ ለንደን ባሉ ትልልቅ ማራቶኖች አመልካቹ እጅግ ስለሚበዛ ከቦታዎቹ ብዙዎቹ የሚሰጡት በዕጣ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ደግሞ ከአዘጋጁ የተወሰኑ ቦታዎችን ገዝተው፣ ከተወሰነ መጠን ያላነሰ ገንዘብ ለማሰባሰብ ቃል ለሚገቡ ሯጮች ይሰጣሉ። በመሆኑም ቃሉን ያልፈጸመ ሯጭ ድርጅቱን ለኪሳራ ሊዳርገው ይችላል። የጉዞውንና የማረፊያውን ወጪ ከኪሱ የሚሸፍን ሯጭ ይህን ለለጋሾቹ አስቀድሞ ቢነግራቸው መልካም ነው። ለጋሹም ከሚሰጠው ገንዘብ ምን ያህሉ ለምርምር እንደሚውል የመጠየቅ መብት አለው፤ በካንሰር ስም የሚሠራ ድርጅት ሁሉ ምርምር አያካሂድም፣ አንዳንዱ የሚሠራው ሕሙማንን መንከባከብ ላይ ነው። ሁለቱም የሚደገፉ ሥራዎች ቢሆኑም አንዱን በሌላው ስም መጠየቅ ግን ተገቢ አይደለም።

«ትንሽ ገንዘብ ለምርምር ምን ይፈይዳል?»

ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ሐኪሞቹ የመትረፍ ዕድሉ 50 በመቶ እንደሆነና ከሁለት ዓመት በፊት ቢታመም ኖሮ ግን 15 በመቶ ብቻ ይሆን እንደነበር ነገሩት፤ ልዩነቱን ያመጣው ምርምር መሆኑን የተረዳውም ያኔ ነው። በ1980 ሚያዝያ በሰው ሠራሽ እግሩ አገሩን ለማቋረጥ ሲነሣ፣ በኋላ ግቡ ያደረገው ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ማግኘትን ነበር። በየቀኑ ማራቶን የሚያህል ርቀት እየሮጠ በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሸፈነ፤ ካንሰሩ ወደ ሳንባው ተዛምቶ ሩጫውን አስቆመው። በየካቲት 1981 የተሰበሰበው ገንዘብ 24.17 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ ይህም ለእያንዳንዱ የአገሪቱ ነዋሪ አንድ ዶላር ማለት ነው። ፎክስ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በ22 ዓመቱ አረፈ።

የላቦራቶሪ ሥራ ራሱ የሚቆመው በትንንሽ ወጪዎች ነው። በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ማሞቂያ ውስጥ የሚያድጉ የካንሰር ሕዋሳት የሚመገቡት ሮዝ ፈሳሽ በየሁለት ሦስት ቀኑ መቀየር አለበት፤ ተመራማሪው በበዓል ቀንም ቢሆን መጥቶ አሮጌውን ፈሳሽ ይመጥጣል፣ አዲሱን ያንጠባጥባል፣ የተጠቀመበትን የፕላስቲክ መምጠጫም ይጥላል። ፈሳሹም፣ ጓንቱም፣ መምጠጫውም በየጊዜው ይገዛሉ፤ የአንድ ለጋሽ ትንሽ ስጦታ የሚገባው እዚህ ነው።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ለካንሰር መድኃኒት አልተገኘም።»

ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም፤ ከ100 በላይ ዓይነት ስላለው ሁሉንም የሚያድን አንድ መድኃኒት መጠበቅ ራሱ ስሕተት ነው። በ1988 ሴት ልጁ በሉኪሚያ (በደም ካንሰር) የታመመችበት አንድ አባት 38 ሯጮችን አሰባስቦ በኒውዮርክ ማራቶን በመሮጥ ለአሜሪካ የሉኪሚያ ማኅበር 322,000 ዶላር ገቢ አደረገ። ይኸው ማኅበር በኋላ የዶክተር ብራያን ድሩከርን ምርምር ከደገፉት አንዱ ሆነ፤ ከዚያ ሥራ የተገኘውና በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን፣ ሥር የሰደደ ማየሎይድ ሉኪሚያን በየዕለቱ መድኃኒት እየተወሰደ ለዓመታት ሊኖሩበት የሚቻል ሕመም አደረገው። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ሉኪሚያም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይገድል የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ የተሟላ ሕክምና ባለባቸው አገሮች ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል ይድናሉ። የጣፊያ (ፓንክሪያስ) ካንሰር ግን እስካሁን ክፉኛ ያስቸግራል። ለእኔ ይህ ገንዘብ ማሰባሰቡን ለማቆም ሳይሆን ለመቀጠል የሚያበቃ ምክንያት ነው።

«ካንሰር የያዘው ሰው መሮጥ አይችልም፤ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ካንሰር አይዘውም።»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የኒውዮርክ ማራቶን መሥራች ፍሬድ ሌቦ የአንጎል ካንሰር ከተገኘበት በኋላ በ1992 ውድድሩን ከኖርዌያዊቷ ሯጭ ግሬቴ ቫይትዝ ጋር ሮጦ ጨርሷል። አንዳንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ልብን ስለሚጎዱና ወደ አጥንት የተዛመተ ካንሰር ስብራት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ሕክምና ላይ ያለ ወይም የነበረ ሰው ግን ልምምድ የሚጀምረው ከካንሰር ሐኪሙ ጋር ተመካክሮ መሆን አለበት። አካላዊ እንቅስቃሴ የአንዳንድ ካንሰሮችን ሥጋት ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም።

«በውድድሩ ቀን በተቻለ መጠን ብዙ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል።»

ከመጠን በላይ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም የተባለ የጨው ንጥረ ነገር አሳንሶ ሕይወትን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል፤ በ2002 በቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው ከሚፈለገው በታች ሆኖ ተገኝቷል። መጠጣት ያለበት ሲጠማ ነው።

«መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ሥራው ያበቃል።»

ብዙ ሰው የሚለግሰው ወዳጁ መጨረሱን ካወቀ በኋላ ነው። በመሆኑም ሯጩ ድርጅቱ ገቢ የሚቀበልበትን የመጨረሻ ቀን ማወቅ፣ በሚቀጥሉት ቀናት ያልሰጡትን በትሕትና ማስታወስ፣ የተሰበሰበውን ጠቅላላ መጠንም ለእያንዳንዱ ለጋሽ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።