ከጥሬ ሥጋ የሚሻገር ብክለት ምንድን ነው?

ጥሬ ሥጋ ላይ ያለ ጀርም በእጅ፣ በቢላ ወይም በመክተፊያ አድርጎ ሳይበስል ወደሚበላ ምግብ ሲደርስ ተሻጋሪ ብክለት እንለዋለን። ድስት የገባውን ጀርም እሳት ይገድለዋል። የዶሮ ሥጋ መሀሉ ድረስ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ ይበቃዋል፤ ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም እየተንተከተከ ለቆየ ወጥ ይህ ችግር አይሆንም። እጅ ግን ድስት አይገባም። ወጡ በደንብ በስሎ ሳለ ቤተሰቡ ሆዱን ቢታመም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዶሮውን የገነጠለው እጅ በኋላ የነካካው ነገር ነው።

ሰኞ ከባቲ ገበያ የተገዛች ዶሮ ቤት ደርሳ ታረደች፣ ተነጨች፣ አሥራ ሁለቱ ብልት ወጣላት እንበል። የገነጠለችው ሴት እጇን በውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርጋ የጨውን ዕቃ ከፈተች። ጣቷ ላይ የቀረው ስብ ክዳኑ ላይ ተቀባ። ትንሽ ቆይቶ ልጇ ያንኑ ክዳን ይከፍትና በዚያው እጁ ጨው ቆንጥሮ ቲማቲሙ ላይ ይነሰንሳል። ብክለቱ ተሻገረ ማለት ይኸው ነው። ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት ሆድ የሚያሳምሙ ጀርሞች ጤነኛ በምትመስል ዶሮ አንጀት ውስጥም ይኖራሉ፤ ሆድ ዕቃዋ ሲወጣ ወደ ሥጋው ይዳረሳሉ። ካምፒሎባክተር ሰውን ለማሳመም ጥቂት መቶ ጀርሞች ሊበቁት ይችላሉ፤ ለዚያ ደግሞ በዓይን የማትታይ ጠብታ ታንሳለች አይባልም።

ዶሮ የሚታጠብበት ሎሚና ጨው ጠረን ያጠፋሉ እንጂ ጀርሙን ለመግደል የሚታመኑ አይደሉም። ዶሮ ሳይታጠብ አይሠራም ለሚል ቤት የምንመክረው ከቧንቧ ሥር እንዳይታጠብ ነው፤ የሚረጨው ውሃ ዙሪያውን ያዳርሳል። ጎድጓዳ ሳፋ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይታጠብ፤ አጠገቡ ሰላጣም የተቀቀለ እንቁላልም አይቀመጥ።

በጣም የሚያሳስበን ግን ዱለት ነው። ለአረፋም ሆነ ለፋሲካ በግ ሲታረድ ፈርሱን ያራገፈና ጨጓራውን ያጠበ እጅ ኢ.ኮላይ የሚባለውን የአንጀት ጀርም ሊይዝ ይችላል። ያው እጅ ሚጥሚጣ ቆንጥሮ ለብለብ ዱለት ላይ ሲነሰንስ ጀርሙን የሚገድል እሳት አያገኝም።

ውሃ ብቻውን ለምን አይበቃም? ስብ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ጀርሙን አቅፎ ይይዘዋል፤ ውሃው በላዩ ይንሸራተታል። ሳሙና ስቡን ከቆዳ ያላቅቀውና ጀርሙ አብሮት ይወርዳል። የደሴ የጠዋት ውሃ ቢበርድም ያጸዳል፣ ማሞቅ ግድ አይደለም። ሳኒታይዘር ቅባት በነካው እጅ ላይ አቅሙ ይዳከማል፤ የሳሙናን ቦታ አይተካም።

ቀለበት ይውለቅ። ውሃው የጀሪካን ከሆነ እጁ ንጹህ የሆነ ሰው በጣሳ ያፍስስ፤ ለአንድ መታጠብ አንድ ሊትር የማይሞላ ውሃ ይበቃል። እጅ ከረጠበ በኋላ ሳሙና ተመቶ ቢያንስ 20 ሰከንድ ይታሻል፦ መዳፍ ለመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሀል፣ ከዚያ አውራ ጣት ለብቻው ተጨብጦ። ብዙ ሰው የሚዘለው የጣቶችን ጫፍ ነው፤ መዳፍ ላይ ተፈትገው ጥፍር ሥር ያለው ስብ ይውጣ። ከዚያ በሚፈስ ውሃ ይለቅለቅ፤ ዘፍዝፎ ማውጣት አይሆንም። በንጹህ ፎጣ ሲደርቅ ሁሉም ተደምሮ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል። ሽርጥ ላይ መጥረግ ልፋቱን ገደል ይከተዋል። በሥጋ እጅ የተከፈተው ቧንቧም ራሱ በሳሙና ይታጠብ፤ አለዚያ ሲዘጋ የታጠበው እጅ መልሶ ይቆሽሻል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀልለው ሥጋ ከመንካት በፊት ጨውንና በርበሬን በትንሽ ሳህን ቀንሶ ማስቀመጥ ነው። የተረፈው ወደ ዕቃው አይመለስ።

እጅ መታጠብ የማይከለክለውም አለ። የኮሶ ትል በደንብ ባልበሰለ የበሬ ሥጋ ውስጥ ገብቶ የሚበላ ነው፤ ቁርጥ ለሚበላ ሰው የእጁ ንጽህና ከኮሶ አያድነውም። አባ ሰንጋ (አንትራክስ) የሚባለው የከብት በሽታ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፦ በጭረት ወይም በቁስል በኩል ቆዳ ይገባል። ታሞ ወይም ሳይታሰብ የሞተ ከብት አይገፈፍም፣ ሥጋው አይከፋፈልም፤ ሳይነካ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል።